ያለ ጠብታ የተለካ ዓይን

ደብረ ታቦር ያለችው መነጽር ቤቴ ጠባብ ናት፤ ማሽኑና ሁለት ወንበር ከገቡባት ሞላች። ሰው ሁሉ ዶክተር ይለኛል። አይደለሁም፤ ዓይን ለክቼ መነጽር የምሠራ ነኝ። በአንድ ልጅ ላይ የሠራሁት ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በፍልሰታ ጾም ሄኖክ የሚባል ዲያቆን ከገሳይ መጣ። የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ የድጓ ተማሪ ነው። ከፊደሉ በላይ ያለው ደቃቅ የዜማ ምልክት ይደባለቅበታል፤ መምህሩ የኔታ ሞላም እስከ መስቀል ካልተሻለው ሊያሰናብቱት ነው።

የወጣት ዓይን ማሽኑ ውስጥ ሲያይ ሳያውቀው ይወጠራል፤ ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ላይ ያጎነበሰ ሲሆንማ ይብስበታል። ያን ጊዜ ማሽኑ የሚያወጣው ቁጥር አይታመንም። ስለዚህ አስቀድሞ ዓይን የሚያላላ ጠብታ ይደረጋል። ጠብታውን ሳነሣ ሄኖክ፣

«ጉሮሮ ይወርዳል?» አለኝ።

«ትንሽ ይመርሃል።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ። ቅዳሴ አለብኝ፤ ጾሜን አልገድፍም።»

ከጾሙ በኋላ ተመለስ ልለው ይገባኝ ነበር፤ የቀረው ዐሥር ቀን ነው። ወረፋው ረዝሞ ስለነበር ሰነፍኩ። ሦስት ጊዜ ለካሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ማሽኑ ሩቅ የማይታየው ዓይን ነው አለኝ። የተቸገርኩት መጽሐፉ ላይ ነው የሚለኝን ልጅ ትቼ ማሽኑን አመንኩ፤ በዚያው ቁጥር መነጽር ሠራሁለት።

በታኅሣሥ እናቱ እማማ ፈንታነሽ እየጎተቱ አመጡት። መነጽሩን ካደረገ ወዲህ ራሱን እየፈለጠው ጭራሽ ማንበብ አቅቶታል። የኔታም «በመነጽርም ካላነበብክ አንተ ልበ ዕውር ነህ» ብለው በተማሪው ሁሉ ፊት አባረሩት። አሁን ድንጋይ እየፈለጠ ያድራል።

የነቢያት ጾም ነበር፤ ሄኖክ ግን በዚህ ጊዜ ስለ ጉሮሮው አልጠየቀኝም። ጠብታውን አድርጌ ስለካው ቁጥሩ ተገልብጦ ወጣ፤ የሚያስፈልገው የቅርብ መነጽር ነበር። በማግስቱ ጠብታው ሲለቀው ትክክለኛውን መነጽር አድርጌለት ትንሿን ዳዊቴን ሰጠሁት። ሳይደናቀፍ አነበበ።

አፈርኩ። «ገሳይ ድረስ እሄዳለሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በተማሪዎቹ ፊት ለየኔታ እናገራለሁ» አልኩ።

እናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «የኔታማ በኅዳር ሚካኤል ማግስት አረፉ፣ ዶክተር» አሉኝ።

ሄኖክ ዳዊቱን አጥፎ መለሰልኝ።

«ልበ ዕውር እንዳሉኝ ሞቱ» አለ።