የአምስተኛው ፎቅ ካርድ

ካርዱ ላይ «ሰው የለም» ብዬ የጻፍኩት ሐሙስ ዕለት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ውሸቴን ነበር። ሰውየው ቤት መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ሐሙስ ሐሙስ በአሥር ሰዓት እኛን ከመጠበቅ በቀር ሌላ ጉዳይ የላቸውም። እኔ ግን ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ካርዱን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ጻፍኩ።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ከዘጠኝ ወር በፊት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለሁለት ዓመት አገልግሎት ስትልከኝ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በሽኝቱ ቀን ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጫኑብኝ፣ እናቴ እልል አለች፣ በሕይወቱ አመስግኖኝ የማያውቀው አባቴ ደግሞ ለጎረቤቱ ዞር ብሎ «ይኼ ልጅ ሰው ወጣው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ከእኔ በፊት የሄዱት ተመልሰው የመሰከሩትን ሰምቼ፣ የዚህ አገር ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ «መቼ በመጣልኝ» እያለ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ።

ደጁ ላይ ቆሞ የጠበቀኝ የለም። ሥራችን በር ማንኳኳት ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እንነሳለን፣ ሸሚዛችንን እንተኩሳለን፣ እንጸልያለን፣ ቋንቋ እናጠናለን፤ ከዚያ እስኪመሽ ድረስ ከሕንፃ ሕንፃ። ለእያንዳንዱ በር አንድ ካርድ አለ። ካርዱ ላይ ከሦስት ነገር አንዱን እንጽፋለን፦ ተቀበሉን፣ አልተቀበሉንም፣ ሰው የለም። ቅዳሜ አስተባባሪያችን ካርዶቹን ያያል፤ «ሰው የለም» የተባሉትን ለሚቀጥለው ሳምንት ይመልስልናል። በዘጠኝ ወር ውስጥ የተካንኩት ነገር ቢኖር፣ ከበሩ ጀርባ በሚመጣው የነጠላ ጫማ ኮቴ ብቻ ሰውየው እንደማይቀበለኝ ቀድሞ ማወቅ ነው። አንድም ሰው አላመነልኝም። አንድም።

ሌላው ደንብ ብቻህን አትሄድም፤ ሁለት ሁለት ነው። የእኔ ጓደኛ ሁልጊዜ ስለሚስቅ «ጥርሱ» እለዋለሁ። በር ፊቱ ላይ ሲጠረቀምበት ይስቃል፣ ዝናብ ሲደበድበን ይስቃል፣ አንድ ክፍል ውስጥ አልጋ ለአልጋ ተያይተን ስንተኛ እንኳ በእንቅልፍ ልቡ ይስቃል። መልካም ልጅ ነው። አንዳንድ ቀን ግን ያንን ጥርሱን ባረግፍለት ደስ ይለኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የአምስተኛው ፎቅ ሰው ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ የላቸውም፣ ከእሳቸው ቤት ትይዩ ያለው ቤት ባዶ ነው። ሊፍቱ ከተበላሸ ስንት ዘመኑ! በዚያ ላይ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ስለሚል፣ በሩን በቡጢ እንደበድባለን። ሲከፍቱ ሁሌ አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ «የምትሰብኩትን አልወደውም። ማንኳኳታችሁን ግን እወደዋለሁ፤ ሌላ የሚያንኳኳ ሰው የለኝም።» ከዚያ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ ሁለት ወንበር ያወጣሉ። ጥርሱ ያነባል፣ እሳቸው ይከራከራሉ፣ እግረ መንገዳቸውን የቋንቋ ስህተታችንን ያርማሉ። እኔን «ረጅሙ» ይሉኛል።

ከዚያ ሐሙስ በፊት በነበረው ሐሙስ፣ ኮቴን አዩት። እናቴ ለጉዞው ገዝታልኝ እጅጌው አጥሮ የቀረ ኮት ነው፤ ሳንኳኳ አንጓዬ ሁለት ጣት ያህል ወጥቶ ይታያል።

«ይኼን ልብስ ለብሰህ ነው ሰው የሚያምንህ? አውልቅ!» አሉኝ።

«አባባ፣ ይብረደኝ እንዴ?»

«አንድ ሳምንት ቢበርድህ አትሞትም። ውስጡ የታጠፈ ጨርቅ አለ፤ ፈትቼ አስረዝምልሃለሁ።» ኮቱን ተቀብለው በእንጨት መለኪያቸው እጄን ከትከሻ እስከ አንጓ ለኩ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «ለመሆኑ በዘጠኝ ወር ስንት ሰው አመነላችሁ?» አሉ።

ጥርሱ ሳቀ። «እኛ እየዘራን ነው አባባ፤ አጫጁ ሌላ ነው።»

«አንተን አልጠየቅኩህም። ረጅሙ፣ አንተ ራስህ ታምነዋለህ?»

ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለኝ። ስንት ደጅ ላይ ቆሜ እንደ ውዳሴ ያነበነብኩት ነው። የዚያን ዕለት ግን አልወጣልኝም። ሰውየው አልሳቁብኝም። ይልቅ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ መለኪያውን አስቀምጠው ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ።

«አትቸኩል። ለሐሙስ አስብበትና ትነግረኛለህ። ኮቱም ለሐሙስ ይደርሳል» አሉኝ።

አሰብኩበት። ሳምንቱን ሙሉ አሰብኩበት። ተንበርክኬ ብጸልይ ጸሎቴ ከጣሪያው አያልፍም፤ መጽሐፉን ብከፍት ፊደል ብቻ። እሑድ እናቴ ደወለች። ባለፈው የላክሁትን ደብዳቤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንብበውታል። እዚያ ደብዳቤ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ልንገራችሁ፦ «አንድ አዛውንት ቃሉን ተጠምተው በየሳምንቱ ይጠብቁናል።» ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ።

«ጉባኤው በሙሉ ለሰውየው እየጸለየ ነው፣ ልጄ! አባትህማ ሦስት ቀን ጾመላቸው» አለችኝ እናቴ። ምን እላታለሁ? «ተመስገን» አልኳት።

ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ ያ ሐሙስ የመጣው። ጥርሱ ጠዋት የሌላ ሕንፃ ደረጃ ሲወርድ እግሩ ወለም ብሎት ያነክሳል። ልብስ ሰፊው ሕንፃ ስንደርስ ከዘበኛው ቤት አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ዘፍ አለ።

«አንተ ውጣ። እኔ ባላይህ ጌታ ያይሃል» ብሎ ሳቀ።

የሕንፃውን ካርዶች ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። አንደኛ ፎቅ አልከፈቱም። ሁለተኛ ፎቅ እጇ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ ሴት ከፍታ፣ አይታኝ፣ በክርኗ ገፍታ ዘጋችው። ሦስተኛ ፎቅ አንድ ሰውዬ ሰንሰለቱን ሳያላቅቅ በሩን ገርበብ አድርጎ አየኝ፤ የምለውን ቃል ረሳሁት። ሲዘጋ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ሁለት ፎቅ ቀርቶኛል። ከሁለቱ ፎቅ በላይ አንድ ሽማግሌ ኮቴን ይዞ «እህስ፣ ታምነዋለህ?» ሊለኝ ይጠብቃል። መልሴን ደግሞ አሁን አውቄዋለሁ። አላምነውም። ያንን አፍ አውጥቼ ከተናገርኩ በኋላ በዚህ አገር ምን ልሠራ? ወደ እናቴስ በምን ፊቴ እመለሳለሁ?

ከላይ የሆነ ነገር ቋ፣ ቋ ይላል። ዝም ይልና ደግሞ ቋ። ደግሞ ምስማር የሚመታ አለ ብዬ ተበሳጨሁ። ለአራተኛው ፎቅ «ሰው የለም» ብዬ ጻፍኩ። ለአምስተኛውም «ሰው የለም»። ቀኑንና ሰዓቱን አሰፈርኩ። ቶሎ ወረደ እንዳልባል ደግሞ ትንሽ ተቀመጥኩ፤ ለእንዲህ ያለው ብልጥ ነኝ።

«አባባም የሉም?» አለኝ ጥርሱ።

«የሉም።»

«ሐሙስን አይስቱም እኮ!»

«ወጥተው ይሆናላ! እኔ ምን ላድርግ?» ስል ጮህኩበት። እሱ ግን ትከሻዬ ላይ ተደግፎ ተነሣ፤ እሱ እያነከሰ፣ እኔ ያለ ኮት እየተንቀጠቀጥኩ ወደ ክፍላችን ሄድን።

በሚቀጥለው ሐሙስ እግሩ ስለዳነ አብረን ወጣን። በሩን ደበደብነው። መልስ የለም። ስንደጋግም ከአራተኛ ፎቅ አንዲት ነርስ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ቁልፍ ይዛለች፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«እናንተ ናችሁ የሐሙስ ልጆች?» አለች፤ አጠያየቋ ቁጣ ነበረበት። «እሳቸው እሑድ ዐረፉ።»

የጥርሱ ሳቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊቱ ጠፋ። ነርሷ ደረጃው ላይ እንደቆመች ነገረችን። ረቡዕ አመሻሹ ላይ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። መነሣት ስላቃታቸው በደረታቸው እየተሳቡ እስከ በሩ ደርሰዋል፤ እጀታው ግን ከእጃቸው በላይ ሆነባቸው።

«እኔ ተራ ተደራርቦብኝ ሁለት ቀን ሙሉ ሆስፒታል ነበርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ስገባ ከላይ ድምፅ ሰማሁ። በእንጨት መለኪያቸው ወለሉን ያንኳኳሉ። ሦስት ቀን ሲያንኳኩ ነበር» አለች።

ግድግዳውን ያዝኩ።

«ሐኪም ቤት አደረስኳቸው፤ ውሃ ጥማቱ ኩላሊታቸውን ጎድቶት ኖሮ አልተረፉም። ‹ሐሙስ ልጆቹ ይመጣሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ በሩን የደበደበ ግን የለም› እያሉኝ ነው የሄዱት። ለምን ቀራችሁ? ሐሙስ ዕለት ብትመጡ ኖሮ እኮ ይድኑ ነበር!»

«መጥተናል እኮ!» አለ ጥርሱ፤ እንባው እየወረደ የያዝነውን የካርዶች ሣጥን ከፈተ። «እህቴ፣ እኔ ታች ሆኜ እሱ ወጥቶ አንኳኩቷል። ይኸው ቀኑ፣ ይኸው ሰዓቱ።»

ነርሷ ካርዱን ተቀብላ አነበበች። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ሁሉም የሚያደንቅልኝ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ አለኝ። ደጋግማ አነበበችና ትከሻዋ ረገብ አለ።

«እንግዲያው አልሰሙህም ማለት ነው» አለችኝ። «ለነገሩ ጆሯቸውም... ውሃ ያጣ ሰው ደግሞ አእምሮው ይዛባል። እኔ አላወቅኩም፣ ሳምንቱን ሙሉ ስረግማችሁ ከረምኩ። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ወንድሜ።»

እዚህ ላይ ነበር መናገር የነበረብኝ። አንድ ቃል ነው፤ «አላንኳኳሁም» ማለት ብቻ። ሰውየው በሞት አፋፍ ላይ ሆነው እውነቱን ተናግረዋል፤ የእኔ ካርድ ግን ቀባዣሪ አደረጋቸው። ነርሷ ዓይን ዓይኔን እያየች ይቅርታ ትጠብቃለች።

«ግድ የለም» አልኳት።

ገብታ ኮቴን ይዛልኝ መጣች። ከስፌት መኪናው አጠገብ ሁለት ወንበሮች ወጥተው፣ አንደኛው መደገፊያ ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያገኘችው። ረቡዕ ጨርሰውት ኖሯል። እዚያው አለበሰችኝ። እጅጌው እስከ አንጓዬ ድረስ ወረደ። ስፌቱ ከሱቅ የመጣ እንጂ የተቀጠለ አይመስልም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ አልቀለለም። ጥርሱ ማታውኑ ለአስተባባሪው ጻፈ፦ አዛውንቱ እስከ መጨረሻው ቀን እኛን ሲጠብቁ እንደነበር፣ ለረጅሙ ጓደኛው ኮት ሰፍተው እንዳለፉ። አስተባባሪው ደብዳቤውን ለሁለታችንም ቤተ ክርስቲያን ላከው። ክፋት የለባቸውም፤ ያወቁትን ነው የጻፉት።

እሑድ እናቴ ደወለች። ከኋላዋ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ቤቱ ሞልቷል።

«ልጄ፣ ተነበበ! ጉባኤው በሙሉ አለቀሰ፣ እልል አለ። አባትህ ተነሥቶ ቆሞ መሰከረ፤ አባትህ! ‹የልጄ ፍሬ ነው› ብሎ። ያቺን ነፍስ እኮ አዳንካት!»

«እማዬ፣ ብቻሽን ወደምትሆኚበት ሂጂ» አልኳት። በር ሲዘጋ ሰማሁ። ነገርኳት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ መቀመጤን፣ ካርዱን፣ ከላይ ሲያንኳኩ መስማቴን፣ ምስማር ነው ብዬ መናደዴን። አንዱንም አላስቀረሁም። በመጨረሻም፣ «ለቤተ ክርስቲያኑ ጽፌ እውነቱን እናገራለሁ፤ እመለሳለሁ» አልኳት።

ትሰድበኛለች፣ ታለቅስብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ያ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«እንዳትጽፍ» አለችኝ በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አባትህ ሰው ፊት ቆሟል። እንዳትጽፍ፣ ልጄ። እኔም አልሰማሁም።»

«እማዬ...»

«አልሰማሁም አልኩህ እኮ።» ከበሩ ማዶ ሰዎች ስሟን ጠሩ፤ «መጣሁ!» አለቻቸው። ከዚያ ተመልሳ፣ ወትሮ እሑድ እሑድ በምትጠይቀኝ ድምፅ፣ «ኮቱስ ልክ ሆነልህ?» አለችኝ።

«ልክ ሆኗል» አልኳት።