ውኃ ያላየው ሰዓት

ሰዓት ሠሪው የሰዓቱን ጀርባ ሲከፍት አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ልጇ መርፌ ሲወጋ ማየት እንደማይሆንላት እናት።

ገዢዋ አጠገባቸው ቆማለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሥራ በጥድፊያ ስለወጣች ኮሌታዋ ላይ የሰካቻት ስፒል እንኳ አልወለቀችም። ከአሮጊቷ ጋር በስልክ ተስማምተው፣ ሰዓቱ አስመስሎ የተሠራ እንዳይሆን በባለሙያ ፊት ሊገበያዩ ነው እዚህ የተገናኙት።

«እውነተኛ ነው» አለ ሰዓት ሠሪው፣ ዓይኑ ላይ የሰካውን ማጉያ ሳያነሣ። «ባሕር ጠላቂዎች የሚያደርጉት፣ ስም ያለው ዕቃ ነው። ግን እህቴ፣ በዚህ ዋጋ ባትሪ የማይፈልግ፣ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ታገኚ ነበር። ሰዓት ወዳዶች የሚሻሙት እሱን ነው።»

«እኔ የምፈልገው በባትሪ የሚሠራውን ነው።»

ራሱን የሚሞላውንማ ታውቀዋለች። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ በወደብ ጠላቂነት፣ ከመርከብ ሆድ ሥር ብረት ሲበይድ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ የሸለሙት እንደዚያ ያለ ሰዓት ነበር። አምና ስትሮክ ግራ ጎኑን ሲመታው፣ ሰዓቱ የታሰረበት እጅ ከጭኑ ላይ አልነሣ አለ። ጠዋት ጠዋት አውልቃ ትነቀንቅለታለች፤ ሥራ በዝቶባት የረሳች ዕለት ይቆማል። አንድ ቀን በተሳሰረ ምላሱ፣ «አውልቂው» አላት። «ሁለታችንም ቆመናል።»

ከዚያ ወዲህ ከእሷ በቀር ለሰው አፉን አይከፍትም። እንግዳ ሲመጣ የተኛ ይመስላል። ቃላቱ ከአፉ ተሰባብረው ሲወጡ ሰው እንዳይሰማበት ነው።

«ለባልሽ ነው?» አሉ አሮጊቷ።

«ለአባቴ ነው፣ እማማ። ጠላቂ ነበር። አሁን ግራ እጁ አይታዘዝለትም። ይሄ ግን እጁ ባይንቀሳቀስም ይሄዳል።»

ሰዓት ሠሪው አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ቀጠለ። ስለ ዋጋው ዳግም አላነሣም።

«ጠላቂ!» አሉ አሮጊቷ። «የኔው ሰውዬ ዋና እንኳ አይችልም ነበር።»

«ታዲያ የጠላቂ ሰዓት ምን ሊያደርግለት?»

«እኔስ የጠየቅሁት እሱን አይደል! የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና። ሰዓቱን ገላውን ሲታጠብ ያወልቀዋል፤ ውኃ እንዳይነካው!»

ሦስቱም ሳቁ። የአሮጊቷ ሳቅ ግን መሐል ላይ ቀጠነና ጠፋ።

«ወደ ባሕሩ ይወስደኛል። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገብቶ ይቆምና፣ ‹ታች ምን ይመስል ይሆን?› ይለኛል። እኔ ምን አውቄ? ‹ና ውጣ፣ ብርድ ይመታሃል› እለዋለሁ።»

ሰዓት ሠሪው ገጥሞ አቀበላቸው። መዳፋቸው ውስጥ አድርገው ጣቶቻቸውን አጠፉበት። ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘርግታ ነበር፤ ቀስ ብላ ሰበሰበችው። የሰው ሐዘን በጉተታ አይወሰድም።

«ልጆቼ ‹መሳቢያ ውስጥ ምን ይሠራል?› ይሉኛል» አሉ አሮጊቷ። «ይሄዳል እኮ! እሱ ከሞተ በኋላ እንኳ መሄዱን አልተወም። አንዳንዴ በዚህ እቀየመዋለሁ።» ከዚያ የልብስ ሰፊዋን እጅ ራሳቸው ስበው ሰዓቱን አስቀመጡበት። «በጤና ያድርገው።»

ቤት ስትደርስ አባቷ መስኮቱ ሥር፣ እንደ ወትሮው ወንበሩ ላይ ነበር። ተንበርክካ ግራ እጁ ላይ አሰረችለት። የአስተማሪውም እጅ ቀጭን ኖሮ ልክክ አለ።

«መኪናውስ?» አለ። አዲስ የስፌት መኪና ለመግዛት ገንዘብ ስታጠራቅም እንደኖረች ያውቃል።

«አሮጌው ገና ይሰፋል፣ አባዬ።»

ገላመጣት። ግልምጫው ግን አልጠነከረም፤ ቀኝ እጁ ሳያስበው ወደ ሰዓቱ ሄዶ ነበር። የዙሪያውን ቀለበት ጠቅ ጠቅ እያደረገ አዞረና ምልክቱን ከደቂቃ ቆጣሪው ፊት አቆመው። ከመጥለቁ በፊት፣ ውኃ ሥር የሚቆይበትን ደቂቃ ለመቁጠር፣ ሁልጊዜ የሚያደርገው ይህንን ነበር።

«የማን... ነበር?»

ነገረችው። ገላውን ሲታጠብ ሰዓቱን ያወልቅ እንደነበር ስትነግረው የፊቱ ቀኝ ጎን ሳቀ። ‹ታች ምን ይመስል ይሆን?› ላይ ስትደርስ ግን ሳቁ ቆመ፤ ለረጅም ጊዜ ወደ ደጅ ተመለከተ።

«ደውዪ» አለ።

«ለማን?»

«ለ... ለሴትዮዋ።»

የሰማችውን ተጠራጠረች። ሐሳቡን ከመለወጡ በፊት ደወለች።

«ምነው ልጄ፣ ቆመ እንዴ?» አሉ አሮጊቷ።

«ኧረ ይሄዳል፣ እማማ። አባቴ ሊያነጋግርዎት ፈልጎ ነው።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ያዘችለት። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። አፉን ከፈተ፤ ቃሉ አልመጣም። እንደ ልማዷ ልትጨርስለት ስትል ከንፈሯን ነከሰች። ደግሞስ ምን ብላ ትጨርስለታለች? እሷም ወርዳ አታውቅም።

«መ... መጀመሪያ» አለ፣ «አረንጓዴ ነው።»

ከወዲያ ጫፍ የአሮጊቷ ድምፅ ዝግ ብሎ መጣ። «እሺ።»

«ከዚያ ቀይ... ቀይ ይጠፋል። ደም እንኳ... ጥቁር ነው የሚመስለው።»

«አይቸኩሉ» አሉ አሮጊቷ። «ቁጭ ብያለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ እጇ ዛለ። ስልኩ ከጆሮው እንዳይርቅ ተጠንቅቃ ክርኗን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አስደገፈች። አባቷ ዓይኖቹን ጨፈነ፤ እንደ ጥንቱ በረጅሙ አየር ሳበ።

«ከዚያ ወደ ታች...» አለ።