የየሕያ ልጅ

አባቴ ኣስፍሃ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ ነው። ሱቃችን ከብረት ሠሪዎቹ ገበያ፣ ከመደበር፣ አጠገብ ስለሆነ በርሜል ቀጥቃጮቹ ቀኑን ሙሉ ያደነቁሩናል፤ እሱ ግን ስለ ጩኸት አጉረምርሞ አያውቅም ነበር። ያቺ ጥቁር ድንጋይ ከመጣች ወዲህ ነው ጆሮውን በጨርቅ መወተፍ የጀመረው።

ከምጽዋ ያመጣት የጭነት ማኪና ሹፌር፣ ከዳህላክ ደሴት የወጣች ናት አለ። ባንድ ፊቷ ያረጀ የዐረብኛ ጽሑፍ አለባት፤ ጀርባዋ ልሙጥ ነው። ጠራቢዎች “ጀርባ ባለቤት የለውም” ይላሉ፤ የድሮው ሟች ፊቱን ይዞ ይቅር፣ አዲሱ ጀርባውን ይውሰድ ነው ነገሩ። አባቴም የሻለቃ እሸቱን እናት ስም በጀርባዋ ጻፈ፣ በአማርኛ፣ ከነመስቀሉ። ለአርባቸው መትከል አለበት።

ታዲያ መሮው ባረፈ ቁጥር ከስር ሴት ታቃስታለች አለኝ።

“ኣቦይ፣ የመደበር በርሜል ነው።”

“በርሜል መሃል ላይ ትንፋሽ ይወስዳል?”

እኔም ሰምቼ ነበር። ብነግረው ግን ሥራውን ጥሎ ይሄዳል፣ እኔ ደግሞ ምሳ እወዳለሁ።

በመጨረሻ አባቴ “ስሟን ጠርቼ ይቅርታ ሳልጠይቃት ሌላ ድንጋይ አልነካም” ብሎ መዶሻውን አስቀመጠ። እኔም ወደ ቃሓውታ ሰፈር ሮጬ መምህር ሳልሕን ጎትቼ አመጣኋቸው። ዐረብኛ ያስተምሩ ነበር፤ ትምህርቱ ሁሉ በአማርኛ ይሁን ሲባል ከሥራ ወጡ። ከዚያ ወዲህ በየሰው ደጃፍ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ሲፈልጉ ይውላሉ። አብደዋል የሚሏቸውም አሉ።

አጎንብሰው በጣታቸው ዳበሷት። “ዳህላክ ላይ እንዲህ ያለ ብዙ ነበር። አንዱ የቤት ደፍ ሆነ፣ አንዱ የጉድጓድ ክዳን። አንዱ ደግሞ…” ብለው አባቴን አዩት።

አባቴ መሬት መሬቱን አየ። “ስሟን ብቻ ይንገሩኝ።”

“ሴት መሆኗ ይታየኛል። ሌላውን የባሕር ጨው በልቶታል፤ ዓይን አያነበውም። ወረቀት ግን ያነበዋል።”

ወፍራም ወረቀት ውሃ ውስጥ ነክረው ድንጋይዋን አለበሷት፣ ከዚያ በጫማ ብሩሽ ይደበድቡት ጀመር። ወረቀቱ በየፊደሉ ጉድጓድ ገባ። ሲደርቅ ፊቷን ይዞ ይነሣል አሉን።

“እስከ ነገ እንዳትነኩት። እርጥብ ከሆነ ይቀደዳል።”

ለሶላት ሄዱ። እኔ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ወረቀቱ መሃል ላይ ከፍ፣ ዝቅ አለ። ነፋስ ነው አልኩ። ነፋስ አልነበረም።

ያን ጊዜ የወታደር ማኪና መጥቶ ቆመ። ሻለቃው ራሳቸው ወረዱ፤ ቄሱ ነገ ስለማይመቻቸው ዛሬ ይተከል አሉ።

“ጌታዬ፣ እስኪደርቅ…” አለ አባቴ።

“ድንጋይ ይደርቃል እንዴ? ጫኑ!”

ጫኗት፣ ከነወረቀቷ። እኔም ተንጠላጥዬ ወጣሁ።

“አንቺ ደግሞ ምኗ ነሽ?” አለኝ አንዱ ወታደር።

“ሞግዚቷ።”

ሳቀና ቦታ ለቀቀልኝ። አባቴም ወጣ፤ ግን ከድንጋይዋ ራቅ ብሎ ጥግ ያዘ።

ማኪናው ሲፈጥን ነፋሱ ወረቀቱን ሊወስደው ሆነ። ሁለት መዳፌን መሃሉ ላይ ጫንኩ። ከስር ፊደሎቹ ተሰሙኝ፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ የታጠፈ። መጀመሪያ ቀዘቀዙኝ። በኋላ ሞቁ፣ ሰው አገጩን በእጄ ላይ ያስደገፈ ያህል። እጄን ላነሣ ፈለግሁ፤ አላነሣሁም።

መቃብሩ ጋ ሲሚንቶው ተቦክቶ ይጠብቃል። ወታደሮቹ በብረት ዘንግ ሊገለብጧት ተጠጉ።

“ቆይ! አንዴ!” ብዬ ከጠርዙ ላጥኩ። ነፋስና ፀሐይ ያገኘው ሁሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣልኝ። መሃሉ ግን፣ እኔ የያዝኩት፣ በላቤ ርሶ ነበር። ጭርር አለና ድንጋይዋ ላይ ቀረ። ገለበጧት። ፊቷ ሲሚንቶው ውስጥ ሰጠመ፤ ቄሱም ለሻለቃው እናት ፍትሐት ጀመሩ።

መምህር ሳልሕ በማግስቱ ወረቀቱን ከሱቃችን መስኮት ብርሃን ፊት አግድመው አነበቡ። “‘ይህ መቃብር የ…’ እዚህ ቀዳዳ ነው። ‘የየሕያ ልጅ። አላህ ይማራት። ያነበበ ሁሉ ይለምንላት።’”

“ስሟስ?” አለ አባቴ።

“ስሟ በልጅህ እጅ ስር ነበር” አሉ ወደ እኔ ሳይዞሩ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

በሱቁ የድንጋይ ትቢያ ላይ መዳፌ የሚያስታውሰውን በጣቴ ሣልኩላቸው። ብዙ አዩት። “ጓለይ፣ የኔ ልጅ፣ መዳፍ ምስክር አይሆንም። የስሟን ቦታ ባዶ እተወዋለሁ።”

አባቴ ከዚያ ወዲህ መዶሻ ከማንሣቱ በፊት “የየሕያ ልጅ፣ ይቅር በይኝ” ይላል። እኔ እንኳ ድንጋይዋ ስለሄደች ተገላገልን ብዬ ነበር።

“መለሰችልህ?” አልኩት አንድ ቀን፣ ላስቀው ብዬ።

አልሳቀም። “የሕያ ስንት ሴት ልጅ ነበረው?” አለኝ።

“እኔ ምን አውቄ!”

“እኔም አላውቅም። ግን ስጠራ ሁሉም ይመጣሉ።”