የእሷ ድርሻ

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ልጄ ወደ ቤቷ አመጣችኝ። አራተኛ ፎቅ ነው። ልጄ የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች፤ ባሏ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነው። ጠዋት እሷ ስትወጣ እሱ ይገባል። ሁለቱም ደጎች ናቸው። አንድ ክፍል ለቀቁልኝ፤ ፍራሹ ለእኔ ከሚገባው በላይ ይለሰልሳል።

አናጢ ነበርኩ። ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው በሩን ነው። የክፍሌ በር ሲከፈት ወለሉን ይፍቃል። በመላጊያ ላስተካክለው አሰብኩና ተውኩት። ምን ሊረባኝ፣ ልሄድ አይደል?

ወደ አሮጌው ቤቴ ልመለስ ቆርጬ ነበር፣ ብቻዬን። ምክንያቱን ለማንም አልተነፈስኩም።

ስንጋባ ካህኑ አንድ የጠዋት ጸሎት አስተምረውን ነበር። ረጅም ነው፤ እኔ ደግሞ ፊደል ከመቁጠር ብዙም ያላለፍኩ ሰው ነኝ። በቃሌ መያዝ ሲያቅተኝ ባለቤቴ፣ «ምን ያስጨንቅሃል? እንካፈለው» አለች። አንዱን መስመር እኔ፣ ቀጣዩን እሷ። ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት እንዲህ እየተቀባበልን አረጀን። ስትሞት ግማሹን ይዛው ሄደች። ከቀብሩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እቆምና የመጀመሪያዋን መስመር እላለሁ። ከዚያ ዝም። የሚቀበለኝ የለም። እዚያው እሷ ትቆምበት በነበረው ቦታ ብቆም ቃሏ ይመጣልኝ ይሆናል ብዬ ነው።

አንድ ጠዋት ልጄ የደንብ ልብሷን ለብሳ ሻይ ስታፈላ ሻንጣዬን ይዤ ከክፍሌ ወጣሁ።

«ወዴት ነው ጌታው?»

«ወደ ቤቴ።»

«ምን አጠፋን አባዬ?»

«ምንም።»

«ከመጣህ ጀምሮ አኩርፈሃል። ስንት አኩራፊ ተሳፋሪ ጭኛለሁ፣ እንዳንተ ያለ ግን አልገጠመኝም። እነሱ ቢያንስ መውረጃቸውን ይናገራሉ።»

ሳላስበው ሳቅሁ። ሳቁ ነው መሰለኝ አፌን የፈታው፤ ነገርኳት። ምድጃውን አጠፋች።

«እና የእማዬን ድርሻ ጭራሽ አታውቀውም?»

«ድርሻዋ ነዋ! በሰው ድርሻ ምን አገባኝ?»

መሳቅ ጀመረችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እኔ ልጅ ሳለሁ ከግድግዳው ማዶ ተኝቼ ሙሉውን ነበር የምሰማው» አለች። «የአንተንም፣ የእሷንም።»

ወደ እሷ ጠጋ አልኩ።

«በይ እንግዲህ፣ የእሷን አንቺ በይልኝ።»

«አልልም።»

ደነገጥኩ።

«ያንተን እኔ እላለሁ፤ የእማዬን አንተ። እኔ ገና ሳይነጋ የምወጣበት ቀን አለ። ያኔስ ደግሞ መሃል ላይ ልትቀር ነው? ና፣ ተከተለኝ።»

ስትነዳም እንዲህ ሳትሆን አትቀርም። ሻንጣውን አስቀመጥኩ።

ጀመርን። የእኔን መስመር እሷ ትላለች፤ የእናቷን ደግሞ ቀድማ ሹክ ትለኛለች፣ እኔ እደግማለሁ። ያኔ ነው የገባኝ። የእኔ ድርሻ ምስጋናው ነበር፤ የባለቤቴ ልመናው። ለእጄ ብርታት፣ ለልጆቹ ጤና፣ ሁሉን ስትለምን የኖረችው እሷ ናት። እኔ ሰው መለመን አልወድም። ለካ እግዚአብሔርንም በአፌ ለምኜው አላውቅም።

«ደካማ ነኝና ደግፈኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ፊቴን አዞርኩ። ልጄ አልቸኮለችም፤ ሰዓቷንም አላየችም። ደግማ ሹክ አለችኝ።

«ደካማ ነኝና ደግፈኝ» አልኩ።

ደረቴ ላይ ተቀምጦ የከረመው ነገር ቀለል አለ። ጸሎቴን የሚሰማ እንዳለ አወቅሁ። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

መጨረሻው «ይህን ቤት ጠብቅ» ይላል። የትኛውን? ዓይኔን ገለጥኩ። ያልታጠበ ድስት፣ መስኮቱ ላይ የተሰጣ የአማቼ ካልሲ፣ ጠረጴዛው ላይ የአውቶቡሱ ቁልፍ። ልጄ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቀኛለች።

«ይህን ቤት ጠብቅ» አልኩ።

«አሜን! ዛሬ ተሳፋሪው ይሰድበኛል» ብላ ቁልፏን አፈፍ አድርጋ ሮጠች።

ሻዩን እኔ ጠጣሁት።