እስከ አፍ ገደፉ

አሁን ደግሞ ጢስ ሊያጠጣት ነው፣ መኪናዬን፣ ከፍ ያለችውን፣ ባለ ሰፊ ጎማዋን፣ ከእኔ በፊት በስንት ሰው እጅ አለፈች ብዬ ስጠይቅ ሻጩን ድንገት ሳል ያዘው፣ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ፣ ግን መቀመጫዋ ለአባዬ ጉልበት ይመቻል ብዬ ገዛኋት፣ እና ይኸው መካኒኩ ከጢስ ማሽኑ ቀጭን ቱቦ አውጥቶ በነዳጅ መስመሯ ይሰካል፣ ጢሱ ሾልኮ የወጣበት ቦታ ቀዳዳው እሱ ነው፣ ምንም ካልወጣ ደግሞ አፍንጫው ያፍራል። አፍንጫው ነው የሚሉት፣ ኮፈን ሳይከፍት አሽትቶ ዘይት ትበላለች ይላል ይባልለታል፣ ባለፈው የእኔን አሽትቶ የቤንዚን ክዳኑ ነው አለ፣ የክዳኑ ጎማ ደርቆ ትነቱ በዚያ ያመልጣል፣ አዲስ ክዳን ገጠመ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቢጫ መብራት ጠፋ፣ ደስ አለን፣ ተመልሶ በራ፣ ሳይጠሩት እንደሚመጣ ዘመድ።

ዛሬ አያሸትም። ዝም ብሎ ይሰካል።

አባዬ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል፣ ወንበር ቢያቀርቡለት እንቢ አለ፣ ሹፌር ወንበር ላይ ሲቀመጥ መሪ ያምረዋል አለ፣ ማንም አልሳቀም፣ እኔ ዘግይቼ ሳቅሁ፣ ዘግይቶ መሳቅ ካለመሳቅ ይብሳል፣ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው፣ የዓይን ሐኪሙ ከእንግዲህ መንዳት ይቅርብዎ ካለው ወዲህ ካፖርቱን ለብሶ ይውላል፣ ቤት ውስጥ፣ አሁን የሚወጣ ሰው ይመስላል፣ አይወጣም። ከቅዳሜ በቀር።

ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ ይጠብቀኛል። ነዳጅ አለሽ? ደህና አደርሽ ማለቱ ነው። አለኝ አባዬ፣ ግማሽ ነው። ግማሽ ማለት የለም ማለት ነው እናቴ፣ እንሂድ። ማደያው ጋ ስንደርስ ቀጂዋን ገለል በይልኝ የኔ እመቤት ብሎ ቱቦውን ከእጇ ይወስዳል፣ ሞልቶ ቀጭ ብሎ ሲቆም ሌላው ሰው ይጨርሳል እሱ ይጀምራል፣ እንደገና ይጫነዋል፣ ቀጭ፣ እንደገና፣ መኪናዋን በዳሌው እየገፋ ያወዛውዛታል፣ አየሩ ይውጣ፣ አየር ተሸክመሽ ምን ይሠራልሻል፣ ቤንዚኑ አንገቷ ድረስ ወጥቶ ሲያብለጨልጭ ነው ፊቱ የሚፈታው፣ ክዳኑን ያጠብቅና ጣሪያዋን ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል፣ ድሮ ረዳቱ ጭነቱ ተስተካክሏል ሂድ ሲለው ያደርግለት እንደነበረው። ከዚያ ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ አይነሳም፣ ይንተፋተፋል፣ ያስላል፣ አባዬ እንዲህ ይላል፣ ተያት፣ የጠገበ ቶሎ አይነሳም።

እኔም ስቄ አለፍኩ። የተማርኩ ሰው ነኝ እኮ። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ቤት መስኮት ውስጥ ቆሜ ከታዘዘው አያስበልጡ እላለሁ፣ ሽሮፕ ነው ብለው እንዳይንቁት፣ ሲበዛ የማይጎዳ የለም፣ ለሰው ሁሉ፣ ለማላውቀው ሰው ሁሉ።

ወጣ፣ ይላል አፍንጫው። ከኋላ በኩል ከሥር፣ ስስ ጢስ፣ ነጭ፣ ተጎንብሼ አያለሁ፣ እንደ ክር ይሳባል። ክሪክ አስገብቶ ከፍ አደረጋት፣ በጀርባው ተንፏቅቆ ገባ፣ እግሩ ብቻ ቀረ፣ ከሥር ሆኖ ያስረዳኛል፣ መዘጋት ያለበት ቫልቭ አልዘጋ ብሏል እህቴ፣ ከሳጥኑ ላይ ያለው፣ የምን ሳጥን፣ የከሰል፣ ከሰል? አዎ ከታንኩ የሚነሳውን ትነት ከሰሉ ይመጠዋል፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ስቦ ያቃጥለዋል፣ እንዲሁ አየር ላይ አይበተንም። ከሰል አውቃለሁ፣ መርዝ ለዋጠ ሰው የምንሰጠው፣ ክፉውን ሁሉ በሆዱ ይዞ ዝም የሚል፣ መኪናዬ ሆድ ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር፣ ምስኪን።

ሽታው ከጀመረ ቆየ። ለማን እናገራለሁ፣ መኪናዋ ከኋላ ወንበር በኩል ቤንዚን ቤንዚን ስትሸት መስኮት እከፍታለሁ፣ አንዳንዴ እከፍታለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ሳብ አደርገዋለሁ፣ ልጅ ሆኜ አባዬ ሊሄድ ሲል ሁሉን ይሞላ ነበር፣ በርሜሉን ውኃ፣ የላምባ ምድጃውን ላምባ፣ እስከ አፍ ገደፉ፣ እናቴ ኧረ አንተ ሰውዬ ይፈስሳል፣ ይፍሰስ፣ ጎደለ ከሚባል ይፍሰስ፣ ከዚያ መንገድ ይሄዳል፣ ይቆያል፣ እናቴ ምድጃውን ስትለኩስ ዙሪያውን የፈሰሰው ላምባ ቀድሞ ይነዳል፣ ቤቱ ይታፈናል፣ እሷ እየተራገመች መስኮት ትከፍታለች፣ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ዝጊው እላለሁ፣ ዝጊው፣ አባዬን አታስወጪው።

ካቻቢቴውን አቀብዪኝ። አቀበልኩት። ሳጥኑ ወረደ፣ ጥቁር ፕላስቲክ፣ አፍንጫው በሁለት እጁ ይዞ እየወጣ፣ ይከብዳል፣ ይህን ያህል መክበድ አልነበረበትም ይላል፣ ዘቅዘቅ ሲያደርገው ቤንዚን ጠጠጠ ብሎ ሲሚንቶው ላይ ወረደ፣ አብሮት ጥቁር ፍርፋሪ፣ ከሰሉ ረጥቦ ፈርሶ ቫልቩ ውስጥ ተቀርቅሯል፣ ይኸው፣ ለዚህ ነው የማይዘጋው፣ ይሄ እኮ ሽታ እንጂ ፈሳሽ አይጠጣም፣ ግተውታል።

እስከ አፍ ገደፉ።

ማነው የሚሞላልሽ እህቴ?

ቀና አላልኩም። የአባዬን ጫማ አያለሁ፣ ጥቁሩን፣ ዛሬ ጠዋት የጠረገውን፣ ጋራዥ ለመምጣት ጫማ የጠረገ ሰው፣ ጫማው አይንቀሳቀስም፣ ካፖርቱም፣ አፍንጫው የጠየቀው ለመረጃ ነው፣ ክፋት የለበትም፣ ግን አሁን አንድ ቃል ከወጣ ቅዳሜ የለም፣ በር ላይ መቆም የለም፣ ነዳጅ አለሽ የለም፣ ካፖርቱ ይወልቃል፣ ሐኪሙ መሪውን ወሰደ፣ እኔ ደግሞ ቱቦውን፣ ከዚያ ምን ይዞ ይነሳል ሰውየው ጠዋት ጠዋት፣ ተናገሪ፣ ከታዘዘው አያስበልጡ በይው፣ በየቀኑ የምትይው አይደል።

እኔ ነኝ፣ አልኩ።

አንቺ? አዎ። ቀጭ ሲል አታቆሚም እንዴ? እጨምራለሁ። እንዴት ነው የምትጨምሪው? አወዛውዛታለሁ። በዚህ አቅምሽ! አፍንጫው ከላይ እስከ ታች አየኝ፣ ምን እንዳየ አላውቅም፣ ፈገግ አለ፣ ከዚያ አባዬ ወደተቀመጠበት ጎማ አልዞረም፣ እግዜር ይስጠው አልዞረም፣ ሁለተኛ እንዳይለምድሽ አለኝ፣ እሺ አልኩ፣ እንደ ተማሪ።

አባዬ የካፖርቱን ቁልፍ ፈታ። መልሶ ቆለፈ።

ጋራዡ ጀርባ ተገጭታ የቆመች መንትያዋ አለች፣ ሳጥኑ ከእሷ ተፈታ፣ ቀላል፣ ደረቅ፣ ሲነቀንቀው ውስጡ አይንሿሿም፣ ቫልቩን አዲስ አደረገ፣ ቱቦዎቹን በአየር ነፋ፣ ጢሱን እንደገና ለቀቀ፣ ሦስታችንም ተጎንብሰን፣ አባዬ እንኳን ተነስቶ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ በዚያ ዓይኑ፣ ወጣ? አልወጣም። ደህና እዩ። አልወጣም አባባ፣ ይዟል። በኮምፒውተሩ መብራቱን አጠፋው።

እና መንገድ ላይ ነን፣ እሱ በጎኔ፣ መንገዱን ብቻ ያያል፣ ሁለት መዞሪያ አለፍን፣ ውሸቴ ገብቶታል፣ በእርግጥ ገብቶታል፣ የሚዋሽለት ሰው ደግሞ ከሚዋሽበት ይልቅ ያፍራል፣ ምናልባት ጫማውን ማየቴን እየቆጠረብኝ ነው፣ ምናልባት በሚመጣው ቅዳሜ ይደክመኛል ይለኝ ይሆናል፣ ጉልበቴን ይለኝ ይሆናል፣ እኔም እሺ ልል ነው፣ እሺ አባዬ ዕረፍ፣ እንዴት ያለ ቃል ነው ዕረፍ፣ ምን ዓይነት

ማደያው ግቢ፣ አለ አባዬ።

ዛሬ? ነዳጅ አለኝ እኮ አባዬ። ስንት? ግማሽ። ግማሽ ማለት የለም ማለት ነው፣ ግቢ።

ገባሁ። እሱ ወረደ፣ በሩን ይዞ፣ ጣሪያዋን እየዳበሰ ወደ ኋላ ሄደ፣ ቀጂዋ እንደ ልማዷ ቱቦውን ዘረጋችለት፣ የጎን መስታወቱ ውስጥ ትከሻውና እጁ ብቻ ይታየኛል፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ይሰማኛል፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ እንድሰማ ነው፣ ስሚ የኔ እመቤት፣ ቀጭ ካለ በቃ ነው፣ አንዲት ጠብታ አይጨመርም፣ እኔ ከሌለሁ እንዳትሰሚያት፣ ይቺ ልጄ እስከ አፍ ገደፉ ካልሞላሁ ትላለች፣ ከሰል አለበት ይበላሻል ብትያት አይገባትም፣ በማን እንደወጣች እንጃ።

ቀጂዋ መስታወቱ ውስጥ አየችኝ። አፏ ተከፍቷል። ቅንድቤን ወደ ላይ አደረግኩ፣ ተሸነፍኩ እንደሚል ሰው፣ አፏን ዘጋች፣ ይምከሯት እንግዲህ አባባ፣ ልጅ አይሰማም አለች።

አይሰማም! አለ አባዬ፣ ደስ ብሎት።

ቀጭ።

ዳሌው ተጠጋ። በወንበሩ በኩል ተሰማኝ፣ መኪናዋ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ፍንክች አለች፣ ከዚያ ቆመች፣ ቆመ፣ ቱቦውን አወጣው፣ ክዳኑ ሲጠብቅ ይንቋቋል፣ ጣሪያው ላይ መታ፣ መታ።

ገብቶ ተቀመጠ። በይ አስነሺያት። አዞርኩ፣ በአንዴ ተነሳች፣ ሁለታችንም ይህን ያልጠበቅን መስለን ወደ ፊት አየን፣ ቢጫ መብራት የለም፣ ሽታ የለም፣ ሳብ አደረግኩ፣ የለም፣ ያ ሁሉ ሽታ የት ሄደ፣ ከዚያ አባዬ እጁን በፊቴ አሳልፎ የመቀመጫ ቀበቶዬን ሳበና ቀጭ አደረገው፣ እጁ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፣ ትንሽ፣ በታዘዘው ልክ