ፀሐይ የሚገባው ቤት

እህቴ መሲ ወደ አገሯ የምትመጣበትን ቀን ስትመርጥ፣ እናቷን ልታይ የምትመጣ ሳይሆን የምትዳር ነበር የምትመስለው። መስከረም አይሆንም፤ እስራኤል ውስጥ በዓል በበዓል ላይ የሚደራረብበት ወር ነው። አዲስ ዓመታቸው አለ፤ ውሃ እንኳ የማይቀመስበት የኪፑር ጾም አለ፤ ከዚያ ደግሞ ደጅ ላይ ዳስ ሠርተው እዚያ የሚበሉበት ሳምንት አለ። «የዳሱ በዓል ሲያልቅ፣ ጥቅምት መግቢያ ላይ እመጣለሁ» አለችኝ በስልክ። «ያኔ ኮምቦልቻ ይሞቃል አይደል ኩኩዬ?»

«ይሞቃል» አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ግን ትፍ ነው ያልኩት። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ጭጋግ ውስጥ ተወልዳ በአንዲት ሹራብ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ፣ ዛሬ ደሴ በረዳት!

ከሁሉ የሚገርመው ግን የእሷ ቅምጥልነት አይደለም። የሚገርመው፣ ልትጠይቃት ቀን የምትመርጥላት እናታችን ሞታ ከተቀበረች መሰንበቷ ነው። መሲ ይህን አታውቅም። የደበቅናት እኛ ነን፤ እኔ፣ ታላቅ ወንድማችን ደምለውና የቧንቧ ውሃ ሰው በሙሉ።

ሰፈሩ እትዬ ቡዜ የሚላት እናታችን ያረፈችው ሐምሌ ሦስት ቀን ነው። ከቀብር ስንመለስ፣ ጫማችን ላይ ያለው ጭቃ እንኳ ሳይደርቅ፣ ደምለው ጉሮሮውን ጠረገ። ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነው፤ እስከ ዛሬ ሰልፍ ላይ የቆምን ይመስለዋል። «ለመሲ ማንም እንዳይነግራት» አለ። «መጥታ፣ ወገን በተሰበሰበበት፣ በማለዳ ትረዳለች።»

የቅሬያችን፣ የእድራችን ማለት ነው፣ ሰብሳቢ ጋሼ መሕሙድም ተስማሙ። «ወላሂ ልክ ነው። ሙሲባ በስልክ አይነገርም። ሰው አገር ብቻዋን ብትወድቅ ማን ያነሳታል? ቀባሪዋም አልቃሿም እኛው እዚሁ ነን» አሉ። እሳቸው የተናገሩት ከልባቸው ነው። ደምለው ግን ፈርቶ ነው። መሲ በስልክ ስትጮህ መስማት ፈራና ፍርሃቱን ባህል አለበሰው። አውቀዋለሁ፤ አብሬው ነው ያደግሁት።

መሲ አርብ አርብ ሰንበቷ ሳይገባ ትደውላለች። ኔታኒያ በምትባል ከተማ አቅመ ደካሞች በሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው። የጎንደር ቤተ እስራኤል ልጅ አግብታ፣ ከባሏ ወገን ጋር ሄዳ፣ እዚያ ተምራ ወደ ሙሴ ሕግ ገባች። እናታችን ያን ጊዜ ስታኮርፍ ከርማ፣ በኋላ «እግዜሩ እንደሆነ ያው አንዱ ነው» ብላ በስልክ መርቃታለች። ከቀብሩ በኋላ ባለው አርብ ደወለችና «እማዬን አቅርቢልኝ» አለች። ምን ልበል? «ተኝታለች» አልኩ። በሚቀጥለው «ጠበል ሄዳለች» አልኩ። በሦስተኛው መዋሻ አለቀብኝ። «ብርዱ ጉሮሮዋን ዘጋው፤ ድምጿ አይወጣም። ጉልበቷም አላስቆም ብሏታል» አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለስ የለም።

«አሁኑኑ ልምጣ?» አለች ወዲያው። «ፈቃድ ጠይቄ በዚህ ሳምንት ልምጣ ኩኩዬ?»

ደምለው ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ። «ምን አስቸኮለሽ? እዚህ ክረምት ነው፤ ጭጋግ ነው፤ ለእሷም ለአንቺም አይሆንም። በዓላትሽን በሰላም አክብሪና በደህና አየር ትመጫለሽ» አላት። ከዘጋ በኋላ ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አሁን ብትመጣ ሐዘኑ ትኩስ ነው፤ ትንሽ ይብረድ» አለኝ። ሾርባ ይመስል ይብረድ!

መሲ ተከራከረች፣ አለቀሰች፣ በመጨረሻ እሺ አለች። እሺ ማለቷ ነው እኔን ያንገበገበኝ። እናትሽ ድምጿ ተዘጋ ተብላ በዓል ትቆጥራለች! እኔ ብሆን በእግሬ እመጣ ነበር አልኩ ለራሴ። ያስቀረናት እኛ መሆናችንን ረስቼው አልነበረም። ሰውን መናቅ ከመዋሸት ይቀላል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ስታደርጊያቸው ደግሞ ውሸቱ አይከብድም።

ከዚያ ወዲያ ወሬዋ ሁሉ ስለ አየር ሆነ። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ያባራል ወይ? ኮምቦልቻ ማታ ማታ ይነፍሳል ወይ? ቀጥሎ ትእዛዝ መጣ። «ኮምቦልቻ ውስጥ ለአንድ ወር ቤት ተከራዪልኝ። ፀሐይ የሚገባው ይሁን። ደረጃ እንዳይኖረው። ሽንት ቤቱ ከውስጥ፣ መቀመጫ ያለው። ሁለት አልጋ ይኑረው።»

ደረጃ መውጣት አቃታት! ቁጢጥ ማለት ረሳች! ሁለተኛው አልጋ ደግሞ ለሻንጣዋ መሆኑ ነው። ሰኞ ገበያ አብረውኝ ቦንዳ ልብስ የሚሸጡት ሴቶች ይህን ስነግራቸው በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ በኋላ እኔን ሲያዩ «ደረጃ የሌለው!» ይሉኛል፤ አብሬ እስቃለሁ።

በአርባው ዕለት ድንኳኑ በሰው ሞልቶ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሳላስበው አነሳሁት። «ምንድነው ጫጫታው?» አለች። «የሀምዱ ልጅ የጣይባ ኒካህ ነው» አልኳት። ሀምዱ ጎረቤታችን ነው፤ ባለ ሚኒባስ። ምን ላድርግ፣ በፍልሰታ ጾም ክርስቲያን አልድር! ጣይባ ነርስነት የምትማር ልጅ ናት፤ ባል ቀርቶ እጮኛም የላት። እዚያው አጠገቤ ሰሃን ስታቀርብ ሰምታ ከላይ እስከ ታች ገላመጠችኝ። መሲ በስልኩ ውስጥ እልልታዋን አቀለጠችው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ እኔም እልል አልኩ፤ በእናቴ አርባ።

ቤቱን ያገኘሁት ከፊርደውስ ነው፤ ኮምቦልቻ ለፋብሪካ ሠራተኞች ክፍል የምታከራይ ሴት ናት። «ለማን ነው?» ብትለኝ፣ «ለእህቴ፤ ደሴ ስለሚበርዳት» አልኳት። «ሱብሃነላህ! ደሴ የሚበርዳት የደሴ ልጅ ዛሬ ገና ሰማሁ» ብላ ሳቀች። ይህችም ሳቀች። ክፍሉ ግን እንደታዘዘው ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ አንዱን አልጋ ከራስጌ እስከ ግርጌ ይሸፍነዋል።

ጥቅምት መጣ። ደምለው ዕቅዱን አወጣ። እኔና ሀምዱ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ እንቀበላታለን፤ «እናትሽ እየጠበቀችሽ ነው» ብለን በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ እናወጣታለን፤ አክስታችን ቤት ታድራለች፤ በማለዳ እናቷ ቤት ስትወሰድ ድንኳኑ ተጥሎ፣ ቅሬው ተሰብስቦ ይጠብቃታል። ሁሉን አስቦበታል። እሱ ራሱ ድንኳኑን አስጥላለሁ ብሎ እኔን ላከኝ። ይህንንም አስቦበታል።

መሲ ከስታ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ ትልቅ ሻንጣ እየገፋች ወጣች። አንገቴን አንቃ ሳመችኝ። «እማዬስ?»

«ደህና ናት። ድምጿ ብቻ ነው። በይ ወደ ደሴ እንውጣ።»

«አይሆንም። መጀመሪያ ቤቱን አሳዪኝ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ሀምዱ በመስታወቱ አየኝ፤ እኔም በዓይኔ መለስኩለት። ይኸውልህ፤ እናቷን ሳታይ ፀሐዩን!

ክፍሉ ውስጥ ገብታ ዙሪያውን ቃኘች። ሽንት ቤቱን ከፍታ አየች። ሁለቱንም አልጋ በእጇ ተጭና ፈተነች። ከዚያ ሻንጣውን ዘረገፈችው። የእሷ የሆነ ልብስ ከሁለት አይበልጥም። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ብርድ ልብስ አወጣች። ጉልበት ላይ የሚጠለቅ ሹራብ አወጣች። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው የሚሆን፣ ሁለት ጆሮ ያለው ኩባያ አወጣች። በስስ ወረቀት የተጠቀለለ ሻሽም አለ፤ «ለሙሽሪት፣ ለጣይባ» አለች። ብርድ ልብሱን ፀሐይ ባረፈበት አልጋ ላይ ዘርግታ ጠርዙን አስተካከለች።

«እዚህ ላይ እሷ ትተኛለች፣ እዚያ እኔ» አለች። «ድምጿን የዘጋው ብርዱ ነው ብለሽኝ የለ? ወር ሙሉ ሙቀት ካገኘች ይከፈትላታል። የምጦራቸው እናቶች እንዲያ ነው የሚሆኑት። ወንድም ጋሼ በክረምት አትምጪ ሲለኝ ተናድጄ ነበር፤ በኋላ ግን እውነቱን ነው አልኩ፤ በዚያ ብርድ የት ወስጄ አሞቃታለሁ? ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ወር ሙሉ ፈቃድ አገኛለሁ።» ወደ እኔ ዞረች። «አሁን ከሀምዱ ጋር ሂጂና አምጪያት። እኔ ደሴ ከታየሁ ሰፈሩ ይሰበሰባል፤ እሷም እንግዳ ጥዬ አልወጣም ትላለች። ታውቂያት የለ።»

አውቃታለሁ። ልክ እንደዚያ ነበር የምትለው። አፈርኩ። ደረጃው፣ መቀመጫው፣ ሁለተኛው አልጋ፣ ያ ሁሉ የሳቅኩበት ነገር ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ያየኝ ጀመር። ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። በሩ ጋ ደርሼ ቆምኩ። ሄጄ ማንን ይዤ ልመለስ?

«መሲ፣ እማዬ የለችም» አልኩ።

አልጮኸችም። ደምለው ያን ሁሉ የፈራው ጩኸት አልመጣም። «መቼ?» ብቻ አለች።

«ሐምሌ ሦስት።»

«አሁኑኑ ልምጣ ብዬ ስጠይቅሽ ሞታ ነበር?»

«አዎ።»

ጫማዋን አወለቀች። የሸሚዟን አንገት በግራ በኩል ይዛ ወደታች ቀደደችው፤ ጨርቁ ሲተረተር ሀምዱ ከደጅ ዞሮ አየ። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ፣ ለእናቷ ባነጠፈችው አልጋ ግርጌ ተቀመጠች። እኔ በአገሬ ደንብ ደረቴን መምታት ስጀምር እጇን አነሳች።

«ተይ። አንቺ ያንቺን አልቅሰሻል። ይሄ የኔ ነው።»

ተውኩ።

«በእኛ ሕግ» አለች፣ «ወሬው በሠላሳ ቀን ውስጥ ከደረሰሽ ሰባት ቀን መሬት ትቀመጫለሽ። ጎረቤት ይመጣል፤ ያጎርስሻል፤ ስለ እናትሽ ያወራሻል። ከሠላሳ ቀን ካለፈ ግን አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ ትነሻለሽ። ክርስቲያን ስለሆነች ራቢው ይህም ግዴታሽ አይደለም ይለኝ ይሆናል። እኔ ግን ለእሷ የማውቀው ልቅሶ ይሄው ነው።» ስልኳን መሬቱ ላይ አስቀመጠች፣ ሰዓቱን እንድታይ። «ያን አርብ ብትነግሪኝ ኖሮ ሰባቱን ቀን አገኝ ነበር። አንድ ሰዓት አስቀራችሁልኝ።»

እኛ እኮ የምንመጻደቀው በልቅሶ ነው። ድንኳን አለን፣ ቅሬ አለን፣ አርባ አለን፣ ሰማንያ አለን፤ ሐዘንተኛ ብቻዋን አንተውም እንላለን። የገዛ እህታችንን ልቅሶ ግን ሰርቀን በልተንባታል።

ስልኬ ጮኸ። ደምለው ነው። አላነሳሁትም። ደግሞ ጮኸ፤ አጠፋሁት። መሲ አንዴ በዕብራይስጥ፣ አንዴ በአማርኛ እያንሾካሾከች ተቀምጣ ነበር። «እማዬ» የምትለው ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ፀሐዩ ከአልጋው ወርዶ እግሯ ላይ ደረሰ፤ አላነሳችውም።

ከዚያ ሰዓቷን አየችና መሬቱን ተደግፋ ተነሳች።

«አለቀ» አለች።

«ምኑ?»

«የእማዬ ልቅሶ።» ፊቷን ታጥባ መጣች። የተቀደደውን ሸሚዝ ሳትቀይር ጫማዋን አጠለቀች። «በይ ተነሺ። ወንድም ጋሼ ድንኳን ጥሎ እየጠበቀኝ አይደል? ሄጄ መርዶዬን ልስማለት።»