የኮሶዬው ወጌሻ ያመነው ስብራት

ከኮሶዬ እስከ ዳባት የገብረ ሚካኤልን እጅ የማያውቅ ስብራት የለም። ጉራ ነው የሚለኝ ካለ ስብራቱን ይዞ ይምጣና ይየው። አርባ ዓመት ወጌሻ ሆኜ አንድም ሰው ሐኪም ቤት ልኬ አላውቅም ነበር፤ እስከ ሰርካለም ድረስ።

ሰርካለም የአምስት ዓመት ልጅ ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ የምታሳድጋት የእንጀራ እናቷ አማረች ናት። አምና ክንዷ ተሰብሮ ስትመጣ በቅቤ አሽቼ ጠገንኩት። ለአጎቷ ለዓለምነውም ሁለት ቦታ መሰበሩን፣ ይህም የዱላ እንጂ የመውደቅ እንዳልሆነ ነገርኩት። እኔ ካልኩ አለቀ፤ ወሬው አገር አዳረሰ። ዘንድሮ እግሯ ሲሰበርማ ዓለምነው ልጅቱን ከአማረች ሊነጥቅ ለእሁድ ሽማግሌ ጠራ።

አማረች ልጅቱን ታቅፋ መጣች፤ ከመደብ ስትወርድ ነው ብላ ማለች። ልቆጣት ስል ልጅቱን አየኋት። አንገቷ ላይ ተጠምጥማለች፤ የተደበደበ ልጅ የደበደበውን እንዲህ አያቅፍም። የዓይኗ ነጩ ደግሞ ሰማያዊ ነው። ፈራሁ፤ ሳላሸው በቀርከሃ ደግፌ ጎንደር ሐኪም ቤት ይዣቸው ወረድሁ።

ዶክተር ኢልሃም ዓይኗን እንዳየች ገባት፤ ራጅ አስነስታ አስረዳችን። አጥንት ውስጥ ኮላጅን የሚሉት ክር አለ፣ እንዳይሰበር የሚያደርገውም እሱ ነው አለች። የሰርካለም ክር ከተፈጥሮዋ የተበላሸ ነው፤ የዓይኗ ነጭ ሰማያዊ የሆነውም በዚሁ ነው።

በበሰበሰ ጭድ እንደተመረገ ግድግዳ ነዋ አልኋት። ሳቀችና ለተማሪዎቼም እንዲሁ እላቸዋለሁ አለች። ኮራሁ፤ ምን ልዋሽ! ቀጥላ ግን መታሸት ፈጽሞ የለባትም፣ እሽቱ ራሱ ይሰብራታል ስትል፣ አምና በእጄ ስር ቀጭ ያለው ድምፅ ትዝ አለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እያደር እስኪጠራማ ልጅቱን ይወስዷታል።

እሁድ ሽማግሌዎቹ አስቀድመው እኔን ጠየቁ፤ ምስክሩ እኔ ነኛ። ተነሳሁ።

"አምና አንዱን ስብራት ይዛ መጣች፤ ሁለተኛውን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። አማረች አልነካቻትም።"

ዓለምነው አንገቱን ደፋ። ሽማግሌዎቹ ሐኪሟ የሰጠችንን ወረቀት አስነብበው፣ ልጅቱ ከእናቷ ጋር ትኑር አሉ። በአርባ ዓመት ከጠገንኩት ሁሉ እንደዚያች ቃሌ የኮራሁበት የለም።

ከእንግዲህ ማን አጥንቱን ይሰጠኛል እያልኩ ስቀመጥ አማረች መጣች። እግሯ በጄሶ የታሰረውን ልጇን እጆቼ ላይ አስቀመጠቻት።